እንዳሉት

ያኔ ሱቄ ፒያሳ ነበር፣ ከጫማ ሰፊው ጎን፣
በሩ ላይ «ሥዕልና ጽሑፍ» ብያለሁ፣ ምልክት እንዲሆን፤
የጸጉር ቤት መቀስ፣ የልኳንዳ በሬ፣
ከዚህ አያልፍም ነበር የብሩሼ ፍሬ።

ዳይሬክተር አበጋዝ አስጠሩኝ በክረምት፦
«ደጃች አንዳርጌን ሣል፣ በዚህ ግድግዳ ፊት።»
ሣልኩ። ፎቶግራፍ ስላልነበራቸው
ጢሙን ካጎቴ፣ ዓይኑን ከልኳንዳው ጌታ ሰጠኋቸው።

ከሥር ግን ባዶ ቀረ፣ አራት ክንድ በአንድ ስንዝር።
«መቼም ሰው ናቸው» አሉ ዳይሬክተሩ፣ «አንድ ነገር ሳይሉ አይቀር።»
የሚያውቁት ሽማግሌ ሐይቅ ለቅሶ ሄደዋል፤
ሰማያዊው ቀለም ደግሞ ካደረ ይደርቃል።

ያን ጊዜ ነው ዝናቡ የወረደው ከጦሳ፣
አንዲት ከሰል ሻጭ ከነአህያዋ፣ ከላይ እስከ ታች በስብሳ
ከጣራችን ሥር ቆየች። አባርቶ «ሂድ» ስትለው
አህያው ዳገቱን አይቶ ጆሮውን ጣለው።
አልመታችውም። ጠጋ ብላ፣ ልጁን እንደሚመክር ሰው፦
«ቦራዬ፣ ዳገቱን አትየው፤ እግርህን እየው።»

በዓይኔ ለካሁት፤ ልክ አራት ክንድ ሞላ።
እውነትነቱን አልለካሁም፤ እሱ የመጣብኝ ኋላ።
«አትየው» የሚለውን «አትዩ» አደረግሁት፣
መኳንንት ለአንድ አህያ አይናገሩም ብዬ አበዛሁት።
ቦራን ሰረዝኩ። ግራና ቀኝ ትዕምርተ ጥቅስ አቆምኩ እንደ ዘበኛ፣
ከሥሩ «ደጃች አንዳርጌ»። ሆነ የሳቸው፣ ከዚያም የኛ።

ዐሥራ ሁለት ብር ተከፈለኝ።

መጀመሪያ ተማሪ በደብተሩ ሽፋን ጻፈው፤
ቀጥሎ የኮምቦልቻ ታክሲ በኋላ መስታወቱ ለጠፈው፤
የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ፣ ፍሬኑ እያቃሰተ፣
«ዳገቱን አትዩ» እያለ የኋለኛውን ሹፌር እያሳተ።
የስብሰባ ሰው በሆጤ ሜዳ ማይክራፎን ጨብጦ
«ደጃች አንዳርጌ እንዳሉት…» አለ፣ ቃሉን ረግጦ።
እኔም አጨበጨብኩ፤ ሰው ሁሉ ከቆመ ምን ይደረጋል ተቀምጦ?

አንዴ ሻይ ቤት ተናገርኩ፦ «እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ያለችውም ሴት ናት»፤
ሳቁ። አንዱ ሻዬን ከፈለልኝ፣ ለታመመ ሰው እንደሚደረግ ምጽዋት።

አባ እብሬ ደግሞ በለቅሶ ድንኳን ማሉ፦
«አባቴ በጆሮው ሰምቷል፣ ጥቁር ፈረስ ላይ ሆነው ሲሉ፤
ዝናብ ነበር» አሉ።
ዝናቡስ እውነት ነው። ከየት አገኙት ዝናቡን?
ማንም አልነበረም እኮ፣ እኔና እሷ፣ አህያው ሲቀር፣ ያን ቀን።
ያን ሌሊት ትዝታዬን እንደ ሐሰት ብር ከመብራት አስጠግቼ
መረመርኩት፦ ብለውት ይሆን? እኔ ነኝ ወይ የሳትኩት፣ አርጅቼ?

ለመሆኑ ምን ይሉ ነበር፣ ማንም ሳይጽፍባቸው?
«በሩን ዝጉት፣ ጉም ገባ»፤ «ጨው በዝቷል»፤ ይህም ቃላቸው፤
ከበቅሎ ሲወርዱ «እፎይ»።
ይህን ግን ማን ግድግዳ ላይ ያወጣላቸው?

የልጄን ልጅ ፈቲያን በፈተና «ይህን ያለው ማነው?» ቢሏት
«ከሰል ሻጭ» ብላ ጻፈች፤ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙባት።

የሰረዘችው መምህርት ረውዳ ዳገቱን ወጥታ ቤቴ መጣች፣
ትንፋሿ ሳይመለስ «ምንጩ የት ነው?» ብላ ጠየቀች።
በኛ ሰፈር ምንጭ ሲባል ውሃ ነው፤ ጄሪካን ይዘው የሚሰለፉበት፣
ተቀድቶ ተቀድቶ እስኪደፈርስ፣ ማን ቆፈረው የማይባልበት።

ነገርኳት ሁሉን፦ ጢሙን፣ ክንዱን፣ ሰማያዊውን፣ ዝናቡን።
ጻፈች፣ ጻፈችና «ስሟስ?» አለች፣ ቀና አድርጋ ዓይኗን።

ስሟ።

አርባ ዓመት የሳቸውን ስም ሳድስ፣ በየመስከረሙ ሳደምቅ፣
የሷን አላሰብኩትም፤ አልመሰለኝም የሚጠየቅ።

«አላውቅም» አልኳት። «የአህያው ግን ቦራ ነው።»
በእርሳስ ጻፈችው፤ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት። ልክ ነው።